«ዘጠኝ ከዘጠኝ ጋር ይሄዳል» ብለውኝ ነበር፤ ለምን አልሄደም?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ወንድሜ ከጀርመን ያመጣልኝ ያገለገለ የተራራ ሳይክል አለኝ። ሁለመናው ሺማኖ ዴኦሬ ነው፤ ከኋላ 9 ማርሽ፣ ከፊት 3። ባለፈው ከእንጦጦ ስወርድ ሰንሰለቱን ከማርሽ ማርሽ የሚያሻግረው የኋላው ዲሬለር ድንጋይ መትቶት ተሰበረ። ሺማኖ ፈልጌ ስላጣሁ ያገለገለ ስራም ኤክስ-7 ዲሬለር ገዛሁ። ሻጩ «ይኼም ባለ 9 ነው፣ ዘጠኝ ከዘጠኝ ጋር ይሄዳል» አለኝ። ሰንሰለቱም አርጅቶ ስለነበር እግረ መንገዴን አዲስ ኬኤምሲ ገዝቼ ገጠምኩ፤ ካርቶኑ ላይ 8 ይላል። አሁን ማርሹ አንዴ ይገባል፣ አንዴ አይገባም። ሁሉንም ክሊክ ጨርሼ ሰንሰለቱ ስድስተኛው ማርሽ ላይ ይቀራል፤ ትልልቆቹ ጋ አይደርስም። ዳገት በእግሬ እየገፋሁ ነው የምወጣው። አንድ ሜካኒክ ኬብሉን ወጠረልኝና ባሰበት። ሌላው ደግሞ «የተለያየ ፋብሪካ ዕቃ አይቀላቀልም፣ ሁሉንም በአንድ ስም ቀይር» አለኝ። ሁሉንም መቀየር አቅሜ አይፈቅድም። እውነት አይቀላቀልም?»

ወንድሜ፣ ይቀላቀላል። ሁለተኛው ሜካኒክ ተሳስቷል፤ ሻጩ ደግሞ ከእሱም ብሷል። አንዱ ስሙን አይቶ ከለከለህ፣ ሌላው ቁጥሩን አይቶ ፈቀደልህ። ሁለቱም ሚሊ ሜትሩን አላዩም።

«ሁሉንም ክሊክ ጨርሼ ስድስተኛው ላይ ይቀራል» ያልከው ነገር ሳይክልህን ሳላይ በሽታውን ነግሮኛል። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። አንዴ ከገባህ ሌላ ጊዜ ዕቃ ስትገዛ እኔንም መጠየቅ አያስፈልግህም።

የኋላ ማርሽ የሦስት ዕቃዎች ስምምነት ነው። እጅህ ሥር ያለው ሺፍተር በአንድ ክሊክ የተወሰነ ሚሊ ሜትር ኬብል ይስባል። ዲሬለሩ በተሳበው ኬብል ልክ ሰንሰለቱን ወደ ጎን ይገፋል፤ ምን ያህል እንደሚገፋ የሚወስነው የክንዱ አሠራር ነው። አንዳንዱ ለ1 ሚሊ ኬብል 1.7 ሚሊ ይሄዳል፣ አንዳንዱ 1.1 ብቻ። ሦስተኛው ካሴቱ፣ የኋላ ማርሾቹ ድርድር ነው፤ ከአንዱ ማርሽ መሐል እስከ ቀጣዩ ማርሽ መሐል ያለው ርቀት። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ስታባዛው ሦስተኛው መምጣት አለበት። የፋብሪካ ስም እዚህ ስሌት ውስጥ የለም።

አንተ ሳይክል ላይ እንየው። የሺማኖ ባለ 9 ሺፍተር በአንድ ክሊክ 2.5 ሚሊ ይስባል። የተሰበረው ዲሬለርህ በ1.7 ያባዛው ነበር፤ 4.25 ይመጣል። የባለ 9 ካሴት ርቀት 4.35 ነው። የቀረችው አንድ አስረኛ ሚሊ ችግር አትፈጥርም፤ የዲሬለሩ የላይኛው ሮለር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ እንዲላወስ ተደርጎ የተሠራው ለዚህ ነው። አሁን የገጠምከው ስራም ግን የሚያባዛው በ1.1 ነው። 2.5 በ1.1፣ 2.75። መሄድ ከነበረበት ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አልሞላም።

ከመጀመሪያው፣ ከትንሹ ማርሽ እስከ ዘጠነኛው 8 ክሊክ አለ። 8 ጊዜ 2.75፣ 22 ሚሊ። ካሴቱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 34.8 ሚሊ ነው። 22ን ለ4.35 ስታካፍለው አምስት ማርሽ አለፍ ይላል። ከአንደኛው ተነስተህ አምስት እርምጃ ስትሄድ የምትቆመው የት ነው? ስድስተኛው ላይ። አንተ ቆጥረህ የነገርከኝ ቁጥር ወረቀት ላይም ያው ሆኖ ወጣ ማለት ነው። በመሐል «አንዴ ይገባል፣ አንዴ አይገባም» ያልከውም ከዚሁ ነው፤ አዋቂ የሚወጣበትን ደረጃ ሕፃን ልጅ በአጭር እግሩ ሲወጣው አስብ፤ እርምጃው አንዳንዴ ደረጃው ላይ ያርፋል፣ አንዳንዴ ጠርዙን ይመታል።

የመጀመሪያው ሜካኒክ ኬብሉን ሲወጥረው ለምን ባሰበት? ኬብል መወጠር የሚለውጠው መነሻውን ነው፤ የእርምጃው ርዝመት ያው ነው። ልጁን አንድ ደረጃ ከፍ አድርገህ አስጀመርከው እንጂ እግሩን አላረዘምክለትም። ስለዚህ ከላይ የነበረው ስሕተት ወደ ታች ወረደ፣ ትንሹም ማርሽ ጠፋ። ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ከአሥር ሳይክል ዘጠኙ በኬብል መወጠር ስለሚድን እጁ ወደዚያ ለምዷል።

እኔም በዚህ ጉዳይ ልፈርድበት አልችልም። ሱቅ በከፈትኩ በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ ደንበኛ የመንገድ ሳይክል ይዞ መጣ፤ ሺማኖ ባለ 10። ዳገት ከብዶት ትልቅ ካሴት እንድገጥምለት ፈለገ። ለትልቅ ካሴት ሰንሰለቱን የሚወጥረው የዲሬለር ክንድ ረጅም መሆን አለበት ብዬ የተራራ ሳይክል ዲሬለር አመጣሁ፤ እሱም ሺማኖ፣ እሱም ባለ 10። ጠዋት የጀመርኩት ሥራ ማታ አላለቀም። ኬብል ቀየርኩ፣ ቱቦ ቀየርኩ፣ ሰንሰለት ቀየርኩ፣ ዲሬለሩ የሚታሰርበትን ጆሮ አቃናሁ። ደንበኛው ሦስቴ ቡና ጠጥቶ ሄደ። ሲመሽ ኬብሉን ፈታሁና በማስመሪያ ለካሁት። የመንገዱ ሺፍተር 2.3 ይስባል፣ የተራራው ባለ 10 ዲሬለር የሚያባዛው በ1.2 ነው፤ 2.76። የሚያስፈልገው 3.95 ነበር። በማግስቱ ከአሮጌ ዕቃ ሳጥኔ የተራራ ባለ 9 ዲሬለር አውጥቼ ገጠምኩለት፤ 2.3 በ1.7፣ 3.91። እንደ ቅቤ ሄደ። የአንድ ፋብሪካ 10 ከ10 ጋር አልሄደም፣ 9 ከ10 ጋር ግን ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካርቶን ላይ በተጻፈ ቁጥር አምኜ አላውቅም።

ለምን ነገሩን እንዲህ አወሳሰቡት ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. እስከ 1984 ድረስ ጥያቄህ ራሱ ትርጉም አልነበረውም። ከጥቂቶች በቀር ሺፍተር ክሊክ አልነበረውም፤ ሊቨሩን እየገፋህ ሰንሰለቱ ድምፁን እስኪያጠፋ ድረስ በጆሮህ ታስተካክላለህ። የጣሊያን ሊቨር ከጃፓን ዲሬለር ጋር ያለ ጠብ ይሠራ ነበር። በ1984 ሺማኖ ዱራ-ኤስ በሚባለው ዕቃው ላይ ክሊክ ያለውን አሠራር አወጣ፤ ማስተካከሉ ከጋላቢው ጆሮ ወደ ፋብሪካው ስሌት ተሻገረ። በዚያው ዓመት ሰንቱር የሚባለው ሌላው የጃፓን ፋብሪካ ከ1964 ጀምሮ የያዘው፣ የዲሬለሩን አካል ሰያፍ አድርጎ የመሥራት የፈጠራ መብት አበቃና ሺማኖ ያንንም ወሰደው። ዛሬ ሰንቱርን በዲሬለር የሚያውቀው እንደኔ የሸበተ ብቻ ነው።

ስራም በ1987 ቺካጎ ውስጥ ሲመሠረት የጀመረው በሚጠመዘዝ የእጅ ሺፍተር ነው። የሺማኖን ዲሬለር እንዲስብ ተደርጎ የተሠራ ስለነበር ኬብል የሚስበውም በሺማኖ ልክ ነበር። ችግሩ ሺማኖ ሙሉውን ስብስብ ከእሱ ለሚገዙ የሳይክል አምራቾች ዋጋ ይቀንስ ነበር፤ ሺፍተሩን ብቻ ከስራም የሚገዛ ቅናሹን ያጣል። ስራም በ1990 ከሰሰ፣ በ1991 ከፍርድ ቤት ውጭ ታረቁ። «በአንድ ስም ቀይር» ያለህ ሜካኒክ ሳያውቀው ያንን የድሮ የንግድ ውል እየደገመልህ ነው። በ1995 ስራም የራሱን ዲሬለር አወጣ፤ ያኔ ነው ልኬቱን የቀየረው።

የቀየረው ደግሞ ለክፋት ብቻ አይደለም። በስራም ባለ 9 ሺፍተሩ በአንድ ክሊክ 4 ሚሊ ይስባል፣ ዲሬለሩ በ1.1 ያባዛል፤ 4.4፣ ያው ካሴቱ ጋ ይደርሳል። ብዙ ስቦ ጥቂት መሄድ ጥቅም አለው። ጭቃና ዝገት ከኬብሉ 0.3 ሚሊ ቢበላ የሺማኖ ሰንሰለት ከቦታው 0.51 ሚሊ ይስታል፣ የስራሙ 0.33 ብቻ። በክረምት እንጦጦ ላይ ለሚነዳ ሰው ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። ሺማኖም ቆይቶ ገብቶታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በተራራ ባለ 10 ዕቃዎቹ ላይ፣ «ዳይና-ሲስ» በሚለው ስም፣ ልኬቱን ወደዚያው አስጠጋ። እኔን ያን ቀን ያዋለኝ እሱ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ። ከመግዛትህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግልኝ፦ ጆሮውን እይ። ዲሬለሩ የሚታሰርበትን፣ ከፍሬሙ ወደ ታች የወረደውን ቁራጭ ማለቴ ነው። ዲሬለር እስኪሰበር የመታ ድንጋይ ጆሮውን ቀጥ ብሎ አይተወውም። ጆሮው ከተጣመመ የዓለም ምርጥ ዕቃ ብትገጥም ትናንሾቹ ማርሾች ላይ ይሄድና ትልልቆቹ ላይ ይንጫጫል። መሣሪያው ከሌለህ የድሮ ብልሃት አለ። የጆሮው ቀዳዳ የብሎን ጥርስ 10 ሚሊ በ1 ሚሊ ነው፤ በፈጣን መክፈቻ የሚታሰር የብዙ ሳይክል የኋላ አክሰልም ጥርሱ ያው ነው። ሌላ የኋላ ጎማ ተዋስ፣ መክፈቻውን አውጣ፣ የአክሰሉን ጫፍ ዲሬለሩ በነበረበት ቀዳዳ በጣትህ ቀስ አድርገህ አስገባው። አሁን ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ቆሟል። በሁለቱ ቸርኬ መሐል ያለውን ክፍተት ከላይ፣ ከታች፣ ከፊት፣ ከኋላ ለካ። አራቱም እኩል ከሆኑ ጆሮው ደኅና ነው። ካልሆኑ የተዋስከውን ጎማ እንደ እጀታ ይዘህ በዝግታ ታቃናዋለህ። ጆሮው አሉሚኒየም ነው፤ አንዴ ይታገሥሃል፣ ወዲህ ወዲያ ከደጋገምክበት ይሰነጠቃል። ጥርሱን እንዳታበላሽ ደግሞ መጀመሪያ ያለ ምንም ጉልበት መግባቱን አረጋግጥ።

ሁለተኛው ነገር መለካት ነው፤ የልጆች ማስመሪያ ይበቃል። በ5 ቁጥር ቁልፍ ኬብሉን ከዲሬለሩ ፍታው። ሺፍተሩን ወደ ትንሹ ማርሽ ጫፍ አድርሰው፣ በሌላ እጅህ ኬብሉን ወጥረህ ያዝ፣ ከቱቦው በሚወጣበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ። ስምንቱንም ክሊክ ጨርስና ምልክቱ ስንት ሚሊ እንደገባ እይ። ያንተ 20 ሚሊ አካባቢ ሊሆን ይገባል። አንድ ክሊክ ብቻ አትለካ፤ የመጀመሪያው ክሊክ አንዳንዴ ከሌሎቹ ይለያል፣ ስሕተቱም ያታልልሃል። ዲሬለሩን ደግሞ እንዲሁ፦ ኬብሉን በእጅህ 10 ሚሊ ሳበውና የላይኛው ሮለር ወደ ጎን ስንት እንደሄደ ተመልከት። 17 አካባቢ ከሄደ የሺማኖ የቆየው ልኬት ነው፤ 11 ወይም 12 ከሄደ ስራም ወይም አዲሱ ሺማኖ ነው። ያገለገለ ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ ሰላሳ ሳንቲ ሜትር ኬብል ኪስህ ውስጥ ይዘህ ሂድ። ሻጩ ይስቅብሃል፤ ይሳቅ።

ከዚህ በኋላ ያለህ ምርጫ እንደ ገበያው ነው። በእኔ ግምት ርካሹና ጣጣ የሌለው በ1.7 የሚያባዛ ዲሬለር መፈለግ ነው። «ባለ 9» የሚል ላይኖርበት ይችላል፤ ዲሬለር ክሊክ አያውቅም፣ የሚያውቀው ማባዛት ብቻ ነው። የሺማኖ ባለ 7፣ ባለ 8፣ ባለ 9 የተራራ ዲሬለር፣ ርካሹን ቱርኒ ጨምሮ፣ ይሠራልሃል። የታይዋኑ ማይክሮሺፍት ለሺማኖ ልኬት የሚሠራቸውም እንዲሁ። የማይሠራልህ «ዳይና-ሲስ» የተጻፈበት፣ በጥቅሉም ባለ 10ና ባለ 11 የተራራ ዲሬለር ነው። «ሻዶው» የሚል ጽሑፍ ግን አያስፈራህ፤ እሱ ቅርጹን እንጂ ልኬቱን አይናገርም፣ ባለ 9 ሻዶውም አለ። ቱርኒ ከገዛህ በብሎን በቀጥታ ጆሮው ላይ የሚታሰረውን ምረጥ፤ በአክሰል የሚያዝ ቆርቆሮ ጆሮ ይዞ የሚመጣው ላንተ አይሆንም። ያገለገለ ስታይ ደግሞ ስፕሪንጉ ወደ የት እንደሚስብ እይ። ሺማኖ አንድ ሰሞን ኬብሉ ሲላላ ወደ ትልቁ ማርሽ የሚሄድ ዲሬለር አውጥቶ ነበር። ይሠራል፣ ግን እጅህ የለመደው ሁሉ ይገለበጣል፤ ዳገት ላይ ትሳደባለህ።

ክንዱ ረጅም መሆን አለበት። የፊት ጥርሶችህን ቁጠር፤ በዚያ ዘመን ዴኦሬ ላይ የተለመደው 44፣ 32፣ 22 ነው። ከኋላ 11 እስከ 34 ከሆነ 44 ሲቀነስ 22፣ 22፤ 34 ሲቀነስ 11፣ 23፤ ድምሩ 45። ዲሬለሩ ይህን ያህል ልቅ ሰንሰለት መሰብሰብ መቻል አለበት ማለት ነው። ርካሾቹ ከዚህ ትንሽ ያንሳሉ። ቢያንስም ሰንሰለቱን ከትልቅ ወደ ትልቅ ሲሆን እንዳይበጠስ አድርገህ ከቆረጥከው፣ ከትንሽ ወደ ትንሽ ስታደርገው ከመላላት ሌላ አደጋ የለውም። ያንን ጥምረት ለማንኛውም አትጠቀምበት።

ሁለተኛው መንገድ የገዛኸውን ኤክስ-7 አስቀርቶ የቀኝ እጅ ሺፍተሩን በስራም ባለ 9 መቀየር ነው። የግራው ሺማኖ እንዳለ ይቀመጣል፤ የፊትና የኋላ ማርሽ አይተዋወቁም። ሺፍተርህ ከፍሬኑ ጋር አንድ አካል ከሆነ ግን ይኼን ተወው፣ ወጪው ይበዛል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ስራም የሚል ሺፍተር ሁሉ 4 ሚሊ አይስብም። ኤምአርኤክስ፣ ሮኬትና አታክ የሚባሉት ለሺማኖ ዲሬለር የተሠሩ ናቸው። እነሱን ከኤክስ-7 ጋር ብትገጥም የምትመለሰው ወደዚሁ ስድስተኛ ማርሽ ነው።

ክሊክ የሌለው የድሮ ሊቨር ሦስተኛው ነው። «ሁሉም ጋ ይሄዳል» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። አዎ፣ ግን አጠቃላይ የሚስበውን ለካ። በሺማኖ ዲሬለር ካሴቱን ለመጨረስ 20 ሚሊ ከፍ ይበቃል፤ በኤክስ-7 ግን 34.8 ለ1.1፣ ማለት ወደ 32 ሚሊ ያስፈልጋል። ትንንሾቹ ሊቨሮች ያን ያህል አይስቡም፤ ትልቁ ማርሽ ሳይደርሱ ያልቃሉ። በመሐል ኬብሉን የሚያበዛ ባለ ሁለት እርከን ሮለር የሚያስገቡም አሉ። እኔም አንዴ ቶርኖ ቤት አስወጥቼ ሞክሬዋለሁ፤ 1.6 ለ1 ነበር። ሁለት ወር ሠርቶ አቧራ በላው። አልመክርህም።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ፤ ይኼኛው ጥፋት ያንተ ነው። ኬኤምሲ መሆኑ ምንም አይደለም፤ ኬኤምሲ በሺማኖም በስራምም ካሴት ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። 8 መሆኑ ነው ችግሩ። የሁሉም ርዝመት ያው ነው፤ ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ። የውስጥ ስፋታቸውም ይቀራረባል። የሚለየው የውጭው ነው፦ የባለ 8 ሰንሰለት ውፍረት 7.1 ሚሊ አካባቢ፣ የባለ 9 ደግሞ 6.6 አካባቢ ነው። ግማሽ ሚሊ ምን ያደርጋል አትበል። በባለ 9 ካሴት ላይ በሁለት ማርሽ መሐል ያለው ባዶ ቦታ ራሱ 2.5 ሚሊ አካባቢ ነው። ወፍራሙ ሰንሰለት የጎረቤቱን ማርሽ እየላሰ ይሄዳል። ዲሬለሩን ብታስተካክልም «ቅጭ ቅጭ» የሚል ድምፅ ይቀራል፤ ያኔ ምክሬ የተሳሳተ ይመስልሃል። ባለ 9 ሰንሰለት በባለ 8 ካሴት ላይ ይሄዳል፣ ተገላቢጦሹ ግን አይሆንም። የሰንሰለቱን መቆለፊያ ቀለበትም በባለ 9 ግዛ፤ ቀለበት በቁጥር ካልገጠመ ወይ አይገባም ወይ መንገድ ላይ ይከፈታል።

አዲስ ሰንሰለት በአሮጌ ካሴት ላይ ሌላ ጣጣ አለው። የድሮውን ሰንሰለት ካልጣልከው አውጣና ለካው። 24 ፒን ወደፊት ቁጠር፤ አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ነው። 306.5 አካባቢ ከደረሰ ሰንሰለቱ አልቋል፣ ካሴቱ ግን ይተርፋል። 308 ካለፈ ካሴቱም አብሮ ተበልቷል፤ አዲሱ ሰንሰለት ጉልበት ስታሳርፍበት ከምትወዳቸው ማርሾች ላይ ይዘላል። ብዙውን ጊዜ የሚዘለው በጣም የምትጠቀምበት መሐለኛው ነው። ካሴት መቀየር ግድ ከሆነ እዚህ ላይ ስም አትምረጥ። የሺማኖ፣ የስራምና የሰንሬስ ባለ 9 ካሴቶች ርቀታቸውም የሚገቡበት ግንድም ያው ነው። የካምፓኞሎ ግን ግንዱም ርቀቱም ይለያል፤ ቢሰጡህም አትቀበል።

የፊቱ ክራንክ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። የማንም ክራንክ ይሁን፣ ሰንሰለቱ ከኋላው ካሴት መሐል ጋር ቀጥ ብሎ ከተሰለፈ በቂ ነው። የመንገድና የተራራ ሳይክል የፊት ዲሬለር እንደሚለያይ ብቻ አስታውስ፤ ያንተ ስላልተነካ አልፈዋለሁ።

ኬብሉን ስትቀይር ቱቦውን እይ። የፍሬን ቱቦ ውስጡ ጥምዝምዝ ሽቦ ነው፤ ሲሳብ ይጨመቃል፣ ለማርሽ አይሆንም። የማርሽ ቱቦ ሽቦዎቹ በርዝመቱ ቀጥ ብለው የሄዱ ናቸው። እዚህ አገር የፍሬን ቱቦ ቀላል ስለሚገኝ ብዙ ሰው ያንን ይቆርጥበታል፤ ከዚያ በኋላ 2.5 ሚሊ የሳበው ሺፍተር ዲሬለሩ ጋ ሲደርስ 2.5 አይሆንም። ስሌቱን ሁሉ አስተካክለህ ቱቦው ይሰርቅሃል። የተቆረጠውን ጫፍ አይተህ መለየት ትችላለህ፦ ጥምዝምዙ አንድ ወፍራም ቀለበት ያሳያል፣ የማርሹ ደግሞ ዙሪያውን የተደረደሩ የሽቦ ነጥቦች።

ስለ መቀላቀል የሚያስቀናኝ ምሳሌ አንድ አለ። በእንግሊዝ ረጅም መንገድ የሚጓዙ ሳይክለኞች የካምፓኞሎ ባለ 10 ሺፍተር ከሺማኖ ባለ 8 ዲሬለርና ካሴት ጋር ይገጥማሉ፤ «ሺመርጎ» ይሉታል። ሁለት የማይዋደዱ ፋብሪካዎች፣ ቁጥራቸውም 10 እና 8። 2.8 በ1.7፣ 4.76። የባለ 8 ካሴት ርቀት 4.8። ሁለት ክሊክ ይተርፋል እንጂ ሌላ እንከን የለውም።

ኤክስ-7ቱን አትጣለው። ሻጩ ካልመለሰልህ ስራም ባለ 9 ሺፍተር ይዞ ዲሬለሩ የተሰበረበት ሰው አይጠፋም፤ እሱም ምናልባት አሁን ሺማኖ ገጥሞ በአምስት ክሊክ ብቻ ከካሴቱ ጫፍ እስከ ጫፍ እየዘለለበት ተቸግሮ ይሆናል። 4 በ1.7 ስንት እንደሚመጣ አንተው አባዛው።